ግማሽ ክኒን፣ ሙሉ ክኒን፦ ከአንኮበር ሥር ከተዛባ የልብ ምት ጋር መኖር

ክኒኑ ከትንሿ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ሴትዮዋ የስኒ ማስቀመጫ ሳህን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ክኒኑን መሐሉ ላይ አጋድመው በምላጭ ይሰነጥቁታል። አንዳንድ ቀን እኩል ለሁለት ይከፈላል፤ አንዳንድ ቀን አንዱ ወገን ገዝፎ ሌላው ይፈረፈራል። ፍርፋሪውን በጣታቸው ጫፍ ለቅመው አብረው ይውጡታል። "ይቺ ብናኝ እንኳ ሒሳብ ውስጥ ትገባለች ብለውኛል" ይላሉ። ስምንተኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው ደብተሯን ገልጣ የዕለቱ መስመር ላይ ምልክት ታደርጋለች። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። የስልኩ ደወል ግን 8:00 ይላል፤ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው።

ቤታቸው ከአንኮበር ቁልቁል፣ ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ መጀመሪያ አቀበቱን መውጣት፣ ቀጥሎ ጎረቤላ ላይ መኪና መጠበቅ፣ ከዚያም 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደብረ ብርሃን መግባት ያስፈልጋል። ጤነኛ ሰው አቀበቱን እያወራ ይወጣዋል። እሳቸው አምስት ስድስቴ ይቀመጡበታል።

ሕመሙ ሲጀምራቸው "ልቤ ትር ትር ይላል፣ አቀበቱም እምቢ አለኝ" ይሉ ነበር። አንዱ ጎረቤት ብርድ ነው አላቸው፣ ሌላው ጨጓራ፣ ሦስተኛው ዓይነ ጥላ። ፌጦ ተበጠበጠ፣ ዳማከሴ ተጨመቀ። ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ላይ ተዝለፍልፈው ከወደቁ በኋላ ነው ደብረ ብርሃን የተወሰዱት። ደረታቸው ላይ ሽቦ ተለጥፎ ኢሲጂ ተነሡ፣ ልባቸው በአልትራሳውንድ ታየ። ሐኪሙ ሁለት ነገር ነገራቸው፤ የልባቸው ምት ተዛብቷል፣ በግራ በኩል ያለው የልባቸው በርም ጠብቧል። የምት መዛባቱን ሐኪሞች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይሉታል። "መድኃኒቱ እስከ መቼ ነው?" ብለው ጠየቁ። "ዕድሜ ልክ ነው፣ እናቴ" አላቸው ሐኪሙ። "ዕድሜ ልክ ሲለኝ የተፈረደብኝ መሰለኝ" ይላሉ አሁን እየሳቁ።

ልብ ሁለት የላይና ሁለት የታች ክፍሎች አሏት። ምቱ የሚጀምረው ከቀኝ የላይኛው ክፍል፣ ከአንዲት ትንሽ ነጥብ ነው። ከዚያች ነጥብ የሚነሣው የኤሌክትሪክ ምልክት በዕረፍት ሰዓት በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ሥርዓቱን ጠብቆ ይወርዳል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሲይዝ ያቺ ነጥብ አዛዥነቷን ታጣለች። በማኅሌት ላይ ከበሮውን ሁሉም በየፊናው ቢመታው ምን እንደሚሰማ ማሰብ ነው፤ የላይኞቹ ክፍሎች በደቂቃ ከ350 ጊዜ በላይ ይንቀጠቀጣሉ እንጂ በቅጡ አይጨመቁም። ከዚያ ትርምስ የተወሰነው ወደ ታች ያልፍና የታችኞቹ ክፍሎች አንዴ ፈጥነው፣ አንዴ ዘግይተው፣ ያለ ምንም ሥርዓት ይመታሉ። የታማሚው አንጓ ላይ ሁለት ጣት ያሳረፈ ሰው ይህን ሊያገኘው ይችላል። መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንድ ሙሉ ደቂቃ መታገሥ ብቻ ነው። ይህን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጤና ኬላ ውስጥ ልትሠራው ትችላለች፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ ልትሠራውም ይገባል።

ትርታው ያስጨንቃል እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚገድለው እሱ አይደለም። የላይኛው ክፍል በቅጡ ስለማይጨመቅ ደም በግራ በኩል ባለች ትንሽ ኪስ ውስጥ ይቆማል፤ የቆመ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ተቆርጦ ከወጣ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ አንጎል ነው፣ ያ ማለት ስትሮክ ነው። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ ለአሥርት ዓመታት የተካሄደው ጥናት ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ብቻውን የስትሮክን ዕድል አምስት እጥፍ እንደሚያደርገው አሳይቷል። የልብ በር መጥበብ ሲታከልበት 17 እጥፍ ያህል ይደርሳል።

ስትሮክ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ነሐሴ 1836 ዓ.ም ከደብረ ብርሃን አቅራቢያ አንጎለላ የተወለዱት፣ በአንኮበር የነገሡት ዳግማዊ ምኒልክ የመጨረሻ ዓመታታቸውን ያሳለፉት ስትሮክ ጥሏቸው፣ አንደበታቸውም ተይዞ ነው። ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም ሲያርፉ የኔዘርላንድሱ ቪለም አይንትሆቨን የልብን ኤሌክትሪክ የሚጽፈውን መሣሪያ ከሠራ ገና አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፤ ደም ማቅጠኛ ክኒን የሚባል ነገር ደግሞ በዓለም ላይ አልነበረም። ዛሬ ከአንኮበር ሥር ያሉ አንዲት ገበሬ ንጉሠ ነገሥቱ ያላገኙትን ክኒን በምላጭ ከፍለው ይውጣሉ።

በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ በአብዛኛው የአዛውንቶች በሽታ ነው። እኛ ዘንድ የሐኪም በር ላይ ተሰልፈው የምታገኟቸው ብዙዎቹ የ30 እና የ40 ዓመት ሰዎች ናቸው፤ ሴቶቹም ይበዛሉ። ሥሩ ልጅነት ላይ ነው። አንድ ልጅ በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም፣ እኛ ቶንሲል የምንለው፣ ይይዘውና በፔኒሲሊን ሳይታከም ያልፋል። ሰውነቱ ባክቴሪያውን ሲዋጋ የራሱን የልብ በሮች አብሮ ይጎዳል፤ ይህን ሐኪሞች ሩማቲክ የልብ ሕመም ይሉታል። በሩ በዓመታት ውስጥ ይጠባል፣ ከበስተጀርባው ያለው ክፍል ይለጠጣል፣ የተለጠጠው ክፍል አንድ ቀን ምቱን ይስታል። በየመንደሩ የጉሮሮ ሕመም ሲመጣ እንጥል ማስቆረጥ አሁንም አለ። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አይነካውም፤ ያጠፋው የነበረው ፔኒሲሊን ግን በጤና ጣቢያ ይገኛል። የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶ/ር በላይ አበጋዝ የደከሙለትና በ2001 ዓ.ም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ሥራ የጀመረው የልብ ሕሙማን ማዕከል በሩን ያጨናነቀው አንዱ ሕመም ይኸው ነው።

ሌላም መንስኤ አለ። በደጋው ብዙ ሰው እንቅርት አለበት። አንዳንዱ እንቅርት ሆርሞን ያለ ልክ ያመነጭና ልብን ያስጋልባል። አንገቱ ያበጠ፣ የከሳ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥና ልቡ የሚዘል ሰው የታይሮይድ ምርመራ ሳይደረግለት የልብ መድኃኒት ብቻ ታቅፎ ወደ ቤቱ መመለስ የለበትም።

ወደ ክኒኑ እንመለስ። ስሙ ዋርፋሪን ነው። ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ፣ የሻገተ ድርቆሽ በልተው ደማቸው እየፈሰሰ ካለቁ ከብቶች ነው። በዊስኮንሲን የካርል ፖል ሊንክ ቤተ ሙከራ ጥፋተኛውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ከዚያ የተሠራው ዋርፋሪን እ.ኤ.አ. በ1948 መጀመሪያ ገበያ የወጣው በአይጥ መርዝነት ነው፤ ለሰው ሕክምና የተፈቀደው በ1954 ነበር፣ በዓመቱ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ድንገተኛ የልብ ሕመም ሲመታቸው ተሰጣቸው። ይህን ታሪክ ለታማሚ መንገር ጥሩ አይመስለኝም፤ ላንባቢ ግን ይጠቅማል፣ ምክንያቱም የመድኃኒቱን ጠባይ ያሳያል። ሲያንስ አይሠራም፣ ሲበዛ ያደማል። በመካከል ያለችው መንገድ ጠባብ ናት፣ የምትለካውም አይኤንአር በሚባል የደም ምርመራ ነው። ደም ማቅጠኛ የማይወስድ ጤነኛ ሰው ቁጥሩ 1 አካባቢ ነው። ለእሳቸው የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው።

ፋርማሲስቷ መጀመሪያ የሰጠቻቸው መመሪያ ብልህ ነበር። ማንበብ ስለማይችሉ ቀኑን በሚያውቁት ነገር አሰረችላቸው፤ "በጾም ቀን ሙሉ፣ በፍስክ ቀን ግማሽ" አለቻቸው። ረቡዕና ዓርብ 5 ሚሊግራም፣ በቀሩት አምስት ቀናት 2.5፤ በሳምንት 22.5 ሚሊግራም። ከጥር እስከ የካቲት አጋማሽ በደንብ ሄደ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። 55 ቀን ሁሉም ቀን ጾም ነው። ሴትዮዋ ቃሉን አክብረው በየቀኑ ሙሉ ክኒን ዋጡ፣ በሳምንት 35 ሚሊግራም። በሦስተኛው ሳምንት መፋቂያቸው ደም ማምጣት ጀመረ፣ ክንዳቸው ላይ ያልተመታ ቦታ ጠቆረ። ደብረ ብርሃን ሲደርሱ አይኤንአራቸው ከ5 በላይ ነበር። ክኒኑ ለጥቂት ቀናት ተቋረጠ፣ ከዚያ እንደገና ተጀመረ። ደብተሩ የመጣው ያኔ ነው። ሴትዮዋ በፋርማሲስቷ አይቀየሙም። "ልጅቷ ደህና አስባልኝ ነበር፤ ዐቢይ ጾምን ረስታ ነው" ይላሉ።

ጾሙ በሌላም በኩል ይነካል፣ በጎመን። ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬን በመቃወም ነው። ጎመንና ቆስጣ ደግሞ የዚህ ቫይታሚን ጎተራ ናቸው። አንድ ሰው በጾም በየቀኑ ጎመን በልቶ፣ ፋሲካ ሲመጣ በዶሮና በሥጋ ቢለውጠው፣ የክኒኑ መጠን ሳይነካ ደሙ ይቀጥናል። ከሥጋ ወደ ጎመን ሲመለስ ደግሞ ደሙ ይወፍራል። በዚህ የተነሣ ብዙ ታማሚ "ጎመን ተከልክያለሁ" ብሎ ይደመድማል። ስሕተት ነው። ጎመን በጤና ብሎ ለሚተርት ሕዝብ፣ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ለሚጾም ገበሬ፣ ጎመን መከልከል የማይፈጸም ትእዛዝ ነው፤ አስፈላጊም አይደለም። የሚያስፈልገው ልክን አለመለዋወጥ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ጎመን የሚበላ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሁለት ቀን ይብላ፣ መጠኑም እሱን ታሳቢ አድርጎ ይስተካከልለት። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ በሶና ቆሎ ያን ያህል አያስጨንቁም። ጾም ሲገባና ሲፈታ ግን በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ደምን መለካት ተገቢ ነው።

ክኒኑ የሚዋጠው ማታ መሆኑ ደግሞ ለጿሚ ይመቻል። የተረሳ ክኒን በዚያው ዕለት ትዝ ካለ ይወሰዳል፤ በማግስቱ ግን ሁለት አይዋጥም።

ቡናስ? ይህን ሁሉም ይጠይቃል፣ መልሱም ብዙውን ሐኪም ሳይቀር ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ ጥናት፣ ልባቸው በኤሌክትሪክ ወደ ሥርዓቱ የተመለሰላቸውን 200 ቡና ጠጪዎች ለሁለት ከፍሎ ገሚሱን በቀን ቢያንስ አንድ ስኒ እንዲጠጣ፣ ገሚሱን እንዲተው አደረገ። በስድስት ወር ውስጥ ሕመሙ ከተዉት በ64 በመቶው ላይ ሲመለስ፣ ከጠጡት ግን በ47 በመቶው ላይ ብቻ ተመለሰ። አንድ ጥናት ሕግ አይሆንም፤ ልቡ እንደሚዘልበት የሚያውቅ ሰውም ራሱን ያዳምጥ። ሆኖም ጎረቤት ተጠራርቶ የሚጠጣውን ስኒ ከታማሚ እጅ ለመንጠቅ በቂ ምክንያት የለም። የአረቄ ነገር ሌላ ነው። በበዓል ሰሞን ከመጠጥ ብዛት ልብ ምቱን መሳቱ ከታወቀ ቆይቷል፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ በብርዱና በአረቄው የሚታወቅ ከተማ ነው። በቆላው ወገን ላሉት ጫትም እንዲሁ ልብን ያስሮጣል።

ከዋርፋሪን ጋር ሌሎች ክኒኖችም አሉ። ሜቶፕሮሎል ወይም አቴኖሎል የልብን ሩጫ ያረግባሉ። በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን ነጭ በሚያደርግበት አገር፣ እነዚህ ክኒኖች እጅና እግርን የበለጠ ሲያቀዘቅዙ ይሰማል፤ ሰውም "መድኃኒቱ ብርድ ጨመረብኝ" ብሎ ይተዋል። መተው ሳይሆን ለሐኪም መናገር ነው፤ መጠኑ ይቀነሳል ወይም ዓይነቱ ይለወጣል። ላሲክስ ደግሞ ሽንት ያስሮጣል። በቀጠሮ ቀን ማለዳ ላሲክስ ውጦ ሚኒባስ ውስጥ ለመቀመጥ የሚደፍር ሰው የለም፤ ስለዚህ ብዙዎች በቀጠሯቸው ቀን ጨርሶ ሳይወስዱት ይቀራሉ። ሐኪሙ ፊት እግራቸው አብጦ ይቀርባሉ፣ ሐኪሙም መድኃኒቱ አልበቃቸውም ብሎ መጠኑን ይጨምራል። ሐኪማቸው ከፈቀደ ቤት ሲመለሱ መዋጥ ይችላሉ፤ ይህን የሚነግራቸው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አያገኙም።

በየመንደሩ ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚወጋው ዳይክሎፌናክ፣ እንዲሁም አይቡፕሮፌንና አስፕሪን፣ ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው የመድማት አደጋ ናቸው። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እሱም በልኩ። ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል የዋርፋሪንን ኃይል ያበዛሉ፤ የሳንባ ነቀርሳው ሪፋምፒሲን ያዳክመዋል። ዋግምትና ብጣት ጨርሶ አይታሰቡም።

ጸበሉ የማይታለፍ ጉዳይ ነው። ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ በዚሁ በሰሜን ሸዋ ናቸው። ሴትዮዋ ጻድቃኔ ሱባኤ ሲገቡ ክኒናቸውን ይዘው ነው የሄዱት። አብረዋቸው የሰነበቱ አንዲት ሴት "እምነት ከጎደለሽ ለምን መጣሽ?" አሏቸው። ተከራከሩ? አልተከራከሩም። ማታ ከነጠላቸው ሥር አውጥተው ዋጡት። ዋርፋሪን ከተቋረጠ በአምስት ቀን ገደማ ጥበቃው እንደሚጠፋ ማወቅ ይገባል፤ ሱባኤ ደግሞ ከዚያ ይረዝማል። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ታማሚዎች መድኃኒታቸውን ከጸበል ጋር አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። የልብ ታማሚዎች ይህን ምክር ለራሳቸው የማያደርጉበት ምክንያት አይታየኝም።

በመውለጃ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት ዋርፋሪን ከባድ ጥያቄ ያመጣል። በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ የጠበበ በር ያላት ልብ ራሷም እርግዝናን በቀላሉ አትሸከምም። ስለዚህ ንግግሩ ከማርገዝ በፊት መሆን አለበት፣ ባልም ባለበት ቢሆን ይመረጣል። ይህን ርእስ ጨክኖ የሚያነሣ ሐኪም ጥቂት ነው።

"አሜሪካ ያለች የእኅቴ ልጅ አዲሱን ክኒን ልላክልሽ አለችኝ" ይላሉ ሴትዮዋ። አዲሱ ማለት እንደ ዛሬልቶና ኤሊኪስ ያለው ደም መለካት የማይጠይቀው መድኃኒት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ወገን እ.ኤ.አ. በ2019 በመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ አስገብቶታል፤ የልብ በር ችግር ለሌለባቸው ታማሚዎች ትልቅ እፎይታ ነው። ለእሳቸው ግን አይሆንም። ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ልብ ሕሙማንን አወዳድሮ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱን ሲያወጣ፣ በአሮጌው ዋርፋሪን መሰል መድኃኒት የቆዩት በአዲሱ ሪቫሮክሳባን፣ ማለትም በዛሬልቶ፣ ከተያዙት ያነሰ ሞቱ። ከባሕር ማዶ በፍቅር የሚላክ ክኒን ሐኪም ሳያየው እንዳይዋጥ የምለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ለእሳቸው የሚበጀው መድኃኒት ያ አሮጌው ነው፤ እንቅፋቱ ልኬቱ ነው። ለአንዲት ቁጥር ሲሉ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ያጽፋሉ፣ ሌሊት ይነሣሉ፣ አቀበቱን ይወጣሉ፣ ደብረ ብርሃን ካርድ ክፍል ይሰለፋሉ። አንዳንድ ጊዜ ላብራቶሪው ደጃፍ ላይ "ሪኤጀንት የለም" ይባላሉ፤ ያን ቀን ሐኪሙ መጠኑን በግምት ይወስናል። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቀጠሮው ራሱ ይቀራል። ሴትዮዋ በዚህ ምክንያት ሁልጊዜ የአንድ ወር ትርፍ ክኒን ጨርቅ ውስጥ ቋጥረው ያስቀምጣሉ። ክኒን ይቋጠራል፣ የደም ምርመራ አይቋጠርም።

ደብረ ብርሃን በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመ የጤና ሳይንስ ግቢ ያለው ዩኒቨርሲቲ አላት። በየዓመቱ ሐኪሞች፣ ፋርማሲስቶችና የላብራቶሪ ባለሙያዎች ያስመርቃል። ከጣት ጫፍ በተወሰደች አንዲት ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ አይኤንአር የሚለካ፣ በእጅ የሚያዝ መሣሪያም በዓለም ላይ ከተስፋፋ ቆይቷል። የዞኑ ጤና መምሪያና ዩኒቨርሲቲው ተነጋግረው ይህን መሣሪያ ከነመለኪያ ወረቀቱ ለአንኮበር ጤና ጣቢያ ቢያደርሱ፣ አንድ የሠለጠነ ነርስም ውጤቱን ደብረ ብርሃን ላለ ሐኪም በስልክ ቢነግር፣ እኒህ እናት ደማቸውን ለማስለካት ደብረ ብርሃን ድረስ መጓዝ አያስፈልጋቸውም። የጤና መድኑም የመለኪያ ወረቀቱን ወጪ ይሸፍን።

እስከዚያው ዋርፋሪን የምትወስዱ፣ ካርዳችሁን ከመታወቂያችሁ ጋር ያዙ፤ መርፌ ለሚወጋችሁና ጥርስ ለሚነቅልላችሁ ሁሉ ቀድማችሁ ንገሩ። ሰገራችሁ ከጠቆረ፣ ሽንታችሁ ከቀላ ወይም ጭንቅላታችሁ ከተመታ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ። የቤተሰብ አባል ፊቱ በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ ክንዱ ከዛለ ወይም ንግግሩ ከተንተባተበ እስኪነጋ አታስተኙት። ልጃችሁን ጉሮሮው ሲያመው ደግሞ ወደ እንጥል ቆራጭ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።